በባሮሎ በርሜል ላይ የተነሣ ክርክር

ከማውቃቸው ሰዎች ሁለቱ፣ አንዱ በወይን ንግድ የኖረ፣ ሌላው ጣሊያን ተምሮ የተመለሰ፣ ባሮሎ በሚባለው የጣሊያን ቀይ ወይን፣ በተለይም በቀድሞው ልማድ በሚሠራው በባህላዊው ዓይነት ላይ ሲከራከሩ ሰማሁ። የቀረበላቸው ወይን መልኩ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ ወደ ብርቱካናማ ያዘነበለ፣ ሽታው ጽጌረዳንና ሬንጅን አንድ ላይ የሚያስታውስ፣ ሲቀምሱት ግን ድድን ጨምድዶ የሚይዝ ነበር።

ነጋዴው ፊቱን አጨማዶ፣ «ይህማ ሲንተከተክ የዋለ ሻይ ነው! ገንዘቡን ከፍሎ የገዛን ሰው፣ አሥር ዓመት ቆይተህ ጠጣው ማለት ንቀት ነው» አለ።

የተማረው ግን ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ባሮሎ በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንቴ፣ በላንጌ ኮረብቶች ከሚበቅለው ከነቢዮሎ ብቻ ይሠራል፤ ነቢዮሎ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ቀለሙ ስስ፣ ድድን የሚጨመድደው ንጥረ ነገር፣ ማለትም ታኒኑ፣ እንዲሁም ኮምጣጣነቱ ግን የበረታ የወይን ዘር ነው። በቀድሞው ልማድ ጭማቂው ከቅርፊቱ ጋር አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይቆያል፤ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ቅርፊትም ከላይ ተጭኖ እንደ ሰጠመ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ወይኑ ብዙ ሺህ ሊትር በሚይዙ፣ ከክሮኤሺያዋ ስላቮንያ በሚመጣ ኦክ በተባለ እንጨት በተሠሩ በርሜሎች ውስጥ ለዓመታት ያርፋል። «ሕጉም ቢሆን ከ38 ወር በፊት እንዳይሸጥ፣ ከዚህም ቢያንስ 18ቱን ወር በእንጨት ውስጥ እንዲያሳልፍ ያዝዛል፤ ስለዚህ የሚያስጠብቅህ ዘሩ እንጂ ሻጩ አይደለም» ሲል ደመደመ።

ነጋዴው በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሊዮ አልታሬ የተባለ የባሮሎ ወይን ሠሪ የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራርጦ ባሪክ የሚባለውን፣ 225 ሊትር የሚይዝ ትንሽ የፈረንሳይ በርሜል ያስገባው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አስታወሰ። ሌላውም በበኩሉ፣ የባህላዊው አሠራር ጠበቃ የነበረው ወይን ሠሪ ባርቶሎ ማስካሬሎ በጠርሙሱ ላይ «ባሪክም አይሁን፣ ቤርሉስኮኒም አይሁን» ብሎ፣ በርሜሉን ከጣሊያኑ ፖለቲከኛ ጋር ደምሮ በመጻፍ የሰጠውን ምላሽ አነሣ። ከዚህ በኋላ የነበረው ጩኸት ብቻ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

እኔ ለባህላዊው አደላለሁ፤ ምክንያቴ ግን የአሠራሩ ዕድሜ አይደለም። አዲስ ባሪክ የቫኒላ ሽታውን በወይኑ ላይ ስለሚጭን፣ ለስለስ የሚለውን የላ ሞራ መንደር ባሮሎ ኮስተር ካለው ከሰራሉንጋ መንደሩ መለየት ያስቸግራል፤ ትልቁ በርሜል ግን አየር በቀስታ እያስገባ ታኒኑን ያበርዳል እንጂ የራሱን ጣዕም እምብዛም አይጨምርም። ሆኖም አልታሬና ጓደኞቹ የተነሡበት አቤቱታ እውነት ነበረው፤ በደንብ ያልጸዳ አሮጌ በርሜል ወይኑን ያበላሻል፣ ያንንም ሽታ «ባህል» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ዛሬ ትልቁን በርሜል ይዘው ጥሩ ባሮሎ የሚያወጡት ቤቶች ንጽሕናውን አጥብቀው የሚጠብቁት ናቸው።

ነጋዴውም ወይኑን ባዶ አፉን መቅመሱ ፍርዱን አዛብቶበታል፤ በዝግታ ከበሰለ የበሬ ሥጋ ጋር ቢሆን ኖሮ ያ ታኒን ከሥጋው ፕሮቲንና ስብ ጋር ተያይዞ ይለዝብለት ነበር። መጠበቅ የማይወድ ደንበኛ ከመጣበትም፣ ከዚያው ዘር የሚሠራና ቶሎ የሚጠጣ ላንጌ ነቢዮሎ የሚባል ወይን አለ፤ ዋጋውም ይቀላል።