ቅጠል ለመሸጥ አበባ ማሳየት ምን ይባላል?

እኛ ሚኒሶታ የምንኖር ሰዎች በየዓመቱ ሜይ ሲገባ የማንማርበት ወጥመድ ይጠብቀናል። የእናቶች ቀን ሲቃረብ በየአትክልት መሸጫውና በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ጥቅል ጎመን የሚያህል ሰማያዊና ሮዝ አበባ የተሸከመ ሃይድራንጃ ይደረደራል። ገዝተን ግቢያችን ውስጥ እንተክለዋለን፤ በዓመቱ ቅጠል ብቻ ይሰጠናል፤ በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ።

ይህ ባለ ሰፊ ቅጠል ሃይድራንጃ አገሩ ጃፓን ነው። የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚቋጥረው ዘንድሮ ባደገው ቅርንጫፍ ላይ፣ ሙቀቱ ሊያበቃ ሲል ስለሆነ፣ እምቡጡ የበረዶውን ወራት በሙሉ ሜዳ ላይ ቆሞ ማሳለፍ አለበት። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አገሩን በክረምቱ ብርድ መጠን በቀጠና ይከፍላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርዱ ይጠናል። በ2023 ባደሰው ካርታ ሚኒያፖሊስ በቀጠና 5 ቀዝቃዛው ግማሽ (5a) ውስጥ ስትሆን፣ ይህም የዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል ማለት ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል፤ ግንዱ እስከ መሬት ድረስ ይሞታል። ኤፕሪል ላይ ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ብትፍቁት ከልጡ ሥር አረንጓዴ አታገኙም፤ ብታጎብጡት ቀጭ ይላል። ከሥሩ የሚፈላው ቡቃያ ለምልሞ ጉልበት ድረስ ቢያድግም አበባ አልያዘም።

የሚያበግነኝ ማሰሮው ላይ የተሰካው ካርድ ነው። «እስከ ቀጠና 5 ይቋቋማል» ይላል። እውነት ነው፣ ሥሩ ይቋቋማል፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሥሩ ይመስል ስለ እምቡጡ ግን አንድ ቃል የለም። ሻጮቹን ስትጠይቁ ማዳበሪያ ጨምሩ ይሏችኋል፤ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ደግሞ ቅጠሉን እያፋፋ አበባውን ጭራሽ ያርቀዋል። ይባስ ብሎ እዚያው አጠገብ አበባውን ሰማያዊ የሚያደርግ የአልሙኒየም ሰልፌት ከረጢት ተደርድሯል። በእርግጥ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ተክሉ አልሙኒየም ስቦ አበባው ሰማያዊ ይሆናል፤ ነገር ግን ለማያብብ ቁጥቋጦ ማቅለሚያ መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ቅርንጫፉን ሳይቆርጡ በሽቦ ከቦ፣ ውስጡን እስከ ጫፉ በደረቅ ቅጠል ሞልቶ፣ ብርዱ ሲለዝብ ቀስ በቀስ መግለጥ እምቡጡን ሊያተርፈው ይችላል፤ ያም ሆኖ አንድ የሜይ ውርጭ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ሁለት ሥራ የምትሮጥ የሰፈራችን እናት ይህን ሁሉ ታደርጋለች ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ካለ ልየው። በአዲስ ቡቃያም ያብባሉ የሚባሉት ዝርያዎችም ቢሆኑ፣ እዚህ ሞቃቱ ወቅት አጭር በመሆኑ የሚሰጡት ዘግይተው፣ ያውም ጥቂት ነው።

ደግሞ እኮ መፍትሔው እዚያው መሸጫ ውስጥ አለ። ፓኒኩላታ የሚባለው ሃይድራንጃና አናቤል የተባለችው ዝርያ አበባቸውን የሚያወጡት በዚያው ዓመት ቡቃያ ላይ ስለሆነ፣ ቀጠና 3 ውስጥ እንኳ ሳይሸፈኑ ከርመው ያብባሉ። ሜይ ላይ ግን ገና እንጨትና ለጋ ቅጠል ብቻ በመሆናቸው የሚቀመጡት ከኋላ፣ ከጠጠሩና ከውኃ ቱቦው ጋር ነው፤ በስማቸው ጠርቶ ላልጠየቀ ሰው የሚያሳያቸውም የለም።