ጥንስስ

ማጀት ቁጭ ብዬ እናቴን ሳጫውት የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ ኮንኮክት ምን ማለት ነው?»

«ማብሰል፣ መቀመም» አልሁት ደረቴን ነፍቼ።

«መምህራችን ሰበብ መፍጠር ነው ብለውናል።»

ሁለታችንም ልክ ነን። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «አንድ ላይ ማብሰል» ነው። እንግሊዞች ቤት ያገኙትን ሁሉ ቀላቅለው መጠጥ ሲሠሩም፣ ያልሆነውን ሆነ ብለው ሲያወሩም ይህንኑ ቃል ይጠሩታል። ሌላዋ ቃላቸው ኢንቨንትም ማሽን ለፈጠረም ውሸት ለፈጠረም ትሆናለች። ዲቫይዝ የምትባለዋ ቃላቸው ግን ጨዋ ናት፤ ዘዴ መዘየድ ናት፤ ስብሰባ ላይ ብትነሳ አታሳፍርም። በሕግ ሰዎች አፍ ደግሞ ቤትና መሬት በኑዛዜ ማውረስ ማለት ናት። ዘዴና ኑዛዜ በአንድ ቃል መጠራታቸው የሚገርመው የውርስ ክርክር አይቶ የማያውቅን ሰው ብቻ ነው።

እናቴ ጋኗን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥናለች። የተወቀጠውን ጌሾ ከብቅሉ ጋር በውሃ እየበጠበጠች ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«ለማኅበር እየጠነሰስሁ ነዋ!»

ያን ጊዜ በራልኝ። እንግሊዝ ሰበቡን ድስት ላይ ጣደ፤ እኛ ሴራችንን ጋን ውስጥ ጠነሰስን። ያም አልበቃን፣ እንደ ሹሩባ እንጎነጉነዋለን።

እኔም ባለፈው እሑድ አንድ ጠንስሼ ነበር። ፒያሳ ኳስ ሳይ ቀብር አመለጠኝ። የእድሩ ዳኛ ምነው ጠፋህ ሲሉኝ «አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ልቀበል ሄጄ ነው» አልኋቸው።

ጎንደር ውስጥ እንግዳ ፈጥሮ በዚያው መገላገል የለም።

«ከየት መጣ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«የማን ልጅ ነው?»

እዚህ ላይ ላብ አሰመጠኝ። አፌ ላይ የመጣችውን አንዲት የሩቅ አክስቴን ስም ጠራሁ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡ።

«መነኩሲቷን ነው?»

ቅጣቱን ከፈልሁ። ለእናቴ ስነግራት ከጋኑ ቀና እንኳ አላለችም። «ሳይብላላ ቀድተኸው ነዋ!»

እውነቷን ነው። ጥንስስ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያም ገና ድፍድፍ አለ። የእኔ ሰበብ የቆየው ከፒያሳ እስከ ዳኛው ደጅ በባጃጅ የምታስኬደውን ያህል ነው። እሷኑም ጊዜ ባጃጁ ውስጥ ዘፈን እያዳመጥሁ አጠፋኋት።

ልጁ ለካ ዝም ብሎ ይጽፋል። በቃሉ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ታዞ ኖሯል። አጎንብሼ ሳየው «ማይ አንክል» ብሎ ይጀምራል።