ክቡር የላፕቶፕ ክዳን ምልክት ሆይ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን

ለ፦ በላፕቶፕ ክዳን ላይ ለሚገኘው የኩባንያ ምልክት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እጅዎን ከኪሳችን እንዲያነሡ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? መቼም ደህና ነዎት። ደህና ባይሆኑማ በጣና ዳር ካፌዎች ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ተሰይመው ባላየንዎት። እኛ የምንመጣው ቡና ልንጠጣ፣ ዓሳ ልንበላ፣ ሐይቁን ልናይ ነበር። ቀና ስንል እርስዎ። ዞር ስንል እርስዎ። አንዱ ጋ የተነከሰ ፖም ሆነው፣ ሌላው ጋ ስምዎን በትልቁ አስጽፈው። ባለፈው ደግሞ ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፈው አየሁዎት። ስንት ጂቢ ራም አለው ብዬ ሹፌሩን ልጠይቀው ከአፌ መለስኩት።

ለመሆኑ እዚያ ክዳን ላይ የተቀመጡት ለማን ነው? ባለቤቱ እኮ አያይዎትም። ላፕቶፑን ከፍቶ ሲሠራ እርስዎ ከጀርባ ነዎት። የምናይዎት ፊት ለፊት የተቀመጥን ነን። ነገሩ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በአፕል የድሮ ላፕቶፖች ላይ ፖሙ ለባለቤቱ ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ታዲያ ክዳኑ ሲከፈት ለሌላው ሰው ተዘቅዝቆ ይታይ ነበር። ኋላ ገለበጡት። አሁን ለከፈለው ሰው ዝቅዝቅ፣ ላልከፈልነው ቀጥ ብለው ነው የሚታዩት። ሰውየው በገዛ ገንዘቡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ገዝቶ፣ ተሸክሞት መጥቶ፣ የቡናውንም ሒሳብ ራሱ ይከፍላል!

ለብዙ ዓመታት መብራትም ነበርዎት። ከ2015 ጀምሮ በወጡት አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። መብራት ጠፋ ሲባል ደግሞ እኛ አንደነግጥም።)

ቀትር ላይ በሐይቁ ዳር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፀሐዩ ቀጥ ብሎ የሚያብረቀርቀው ስክሪን ላይ ያርፋል። ሰውየው የሚታየው የራሱ ፊትና ከኋላው ያለው ዘንባባ ነው። ፊደል አይለይም። ሥራ የለም። እርስዎ ግን ከዚህኛው በኩል ጥርት ብለው ይታያሉ። ያኔ ሙሉ ኃላፊነቱን የተረከቡት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ቀልድ ነው። ያናደደኝን ልንገርዎት።

በቀደም መሃል ከተማ አንድ ሱቅ ቻርጀር ልጠይቅ ገባሁ። ከመራዊ አካባቢ የመጡ አባት ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ በትራቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈዋል። ልጁ ግቢ ሊገባ ነው፣ ላፕቶፕ ሊገዛለት ነው። ዓይኑ ከእርስዎ ላይ አልተነቀለም።

«አባ፣ ይሄኛው ብራንድ ነው» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ሻጩ ተቀበለው። «ስም ያለው ዕቃ ማለት ነው አባባ። ዓለም ያወቀው።»

«ይሁን። ውስጡስ?»

«ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ግን እንደ አዲስ በሉት። ይዩት፣ ጭረት እንኳን የለውም።»

«ጭረቱን አይደለም፣ ውስጡን ነው ያልሁህ። ቢበላሽስ፣ እዚህ ማን ይሠራዋል?»

ሻጩ ትንሽ አሰበና «አይበላሽም» አለ።

«የማይበላሽ ነገር እግዜር አልፈጠረም ልጄ።»

«ያው… ከተበላሸ አዲስ አበባ ይላካል።»

እኒህ ሰው በሬ ሲገዙ አፉን ከፍተው ጥርሱን ሳያዩ ብር አይቆጥሩም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ደህና ጥያቄ የጠየቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጁ ሼም ይዞት መሬት መሬት ያያል። ሊጠየቅ የሚገባው ብዙ ነበር እኮ። ራሙ (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ስንት ነው? ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው ወይስ ይቀየራል? ባትሪው እስካሁን ስንት ዙር ተሞልቶ አልቋል? (ይሄን ላፕቶፑ ራሱ ቆጥሮ ይዞታል፤ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።) የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን አውጥቶለታል ወይ? ካላወጣ በአንድ ፎርማት ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የአሉሚኒየም ሳህን ይሆናል። ማንም አልጠየቀም። እርስዎ ካሉ ማን ይጠይቃል? ላይ ላዩ ካማረ ውስጡን ለቄስ ነው።

ገዙ ወይ ቢሉኝ፣ ገዙ። ልጅ እንዴት ይከፋዋል? የበቆሎው ብር ከጋቢው ሥር ወጥቶ ተቆጠረ። እርስዎም በካርቶን ሆነው ሳቁ።

ክቡርነትዎ የሚሰበስቡት ግብር ስንት እንደሆነ ልጁ አያውቅም፣ እኔ ልንገረው። እስከ 2024 መኸር ድረስ የአፕሉ ላፕቶፕ፣ የማክቡክ ኤር መነሻ 8 ጂቢ ራም ነበር። 16 ይሁንልኝ ያለ ሰው 200 ዶላር ይጨምራል። በዘመኑ ማኮች ላይ ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ የታሸገ ስለሆነ ቆይቼ ባሳድገውስ የሚባል ነገር የለም። በ2023 መጨረሻ አንድ የኩባንያው ኃላፊ የእኛ 8 የሌላው 16 ያህል ነው እንደማለት ተናገሩ። አመኗቸው። እንዲህ ነው ፍቅር! በዓመቱ ገደማ፣ ጥቅምት 2024 ላይ፣ መነሻውን ራሳቸው 16 አደረጉት። ዋጋውን አልጨመሩም። ያ 200 ዶላር ታዲያ የምን ነበር? የራም አይደለም። የእርስዎ ነው።

ለእኛ ደግሞ 200 ዶላር ባለበት አይቆምም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ 11,500 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ20,000 ብር አለፈ። እርስዎ ቀለምዎን እንኳን ሳይቀይሩ።

የጥቁሩ ላፕቶፕ፣ የቲንክፓድ ወገኖች እዚህ ላይ ማጨብጨብ እንደጀመሩ ይሰማኛል። እጃችሁን አውርዱ፣ ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው። «እኔ ከአይቢኤም ውጭ አልነካም» የሚል ወዳጅ አለኝ። አይቢኤም የፒሲ ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ከሸጠ ከ2005 ጀምሮ ይቆጠራል። ወዳጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበር! ቲንክፓድ የሚለው ስምና ኪቦርዱ መሃል ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ቀጠሉ፣ ውስጡ ግን እንደየሞዴሉ ነው። በ2018 የወጣውን ቲ480 ብትከፍቱት ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ከኋላ የሚነቀል ባትሪ አለው፣ ሌላ ደግሞ ውስጡ ስላለ ሳይጠፋ የውጭውን መቀየር ይቻላል። መብራት በሄደ ቁጥር ለሚሰቃይ ከተማ ከዚህ በላይ ምን አለ? ያንኑ ስም የያዘው ቀጭኑ ኤክስ1 ካርቦን ግን ራሙ የተበየደ ነው። ስሙ አንድ፣ ምልክቱ አንድ፣ ዕጣው ለየብቻ። ማክቡክ ፕሮም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ድሮ ብሎኖቹን ፈትቶ ራም መጨመር ይቻል ነበር። በ2012 ሬቲና የሚባለው ሲመጣ ተበየደ፣ ስሙ ግን ያው ማክቡክ ፕሮ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ደግሞ አለ፤ ኪቦርዱ ጎን የሚለጠፈው፣ የኢንቴል ቺፑን ስም የሚናገረው ትንሹ ስቲከር። «ኮር አይ ሰቨን ነው!» ይላል ሻጩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ ሲጠየቅ ስልክ ይደወልለታል። ከአራተኛው ትውልድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራው የቺፑ ክፍል) ብቻ ያለው አይ ሰቨን ሞልቷል። የስምንተኛው ትውልድ የላፕቶፕ አይ ፋይቭ በአብዛኛው አራት ኮር አለው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለውም ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4፣ 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስቲከሩ ግን እንዳማረበት አለ። እንዲያውም ለብቻው እየተሸጠ ይለጠፋል አሉ፣ አይገርመኝም።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንሱ ቀን አጭር አድርጌ ልለፍ። ተማሪው ሱፉን ግጥም አድርጎ እርስዎን ይዞ ወጣ። ፕሮጀክተሩ የቪጂኤ ገመድ አለው። የእርስዎ ቤት ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ኮንቨርተር ፍለጋ ተሯሯጥን፣ ፈታኞቹ ሰዓታቸውን አዩ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ጡብ የሚያክል አሮጌ ጥቁር ላፕቶፕ አውጥቶ ሰካለት። ጽሑፉ ግድግዳው ላይ በራ። እርስዎ በዚያ ሰዓት ተዘግተው ወንበር ላይ ነበሩ፣ ያማረ ትሪ መስለው።

አሁን ወደ ሆድ ዕቃው እንግባ፤ ወደ ሶፍትዌሩ።

ሰውየው ለክዳኑ ያለ የሌለውን ጨርሷል። ኦሪጅናል ካልሆነ ሞቼ ነው የምገኘው ብሎ። ከሱቅ እንደወጣ በቀጥታ የት ሄደ? ፎቶ ኮፒ ቤት። «ኦፊስ ጫንልኝ። ፎቶሾፕም ጨምርበት።» ልጁ ከመሳቢያው ውስጥ ከተማውን ሁሉ የዞረ ፍላሽ ያወጣል። ክራኩ፣ ማለትም ሳይከፈል ፕሮግራሙን የሚያስከፍተው መስበሪያ፣ እንዳይታገድ በመጀመሪያ የቫይረስ መከላከያው ይጠፋል። አዎ፣ ቫይረሱ በክብር እንዲገባ በሩ ይከፈትለታል! ክዳኑ ኦሪጅናል፣ ሆዱ ክራክ።

ለነገሩ ልክፈል ቢልስ በምን ይከፍላል? አዶቤ ከ2013 ጀምሮ አዳዲሶቹን በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ አድርጓቸዋል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ስንት ነው? እሺ፣ በፎቶሾፑስ ምን ይሠራበታል? ጉርድ ፎቶ ይቆርጥበታል። በቃ። ለዚያ ጊምፕ የሚባል በነፃ የሚወርድ አለ። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ከ2010 ጀምሮ ሊብሬኦፊስ አለ፣ እሱም በነፃ፣ ሜኑው በአማርኛ ጭምር። ይሄን ስነግረው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?

«እሱማ የፋራ ነው።»

የተሰረቀው የአራዳ፣ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የተሰጠው የፋራ! ክቡርነትዎ፣ ይሄን አስተሳሰብ ማን አስተማረን?

ሶፍትዌር ላይ ሲሆን ፍቅሩ እንኳን ለፈረንጅ ስም ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በጋራ የሚያውቁበት መለያ) የገባው በ1999 ነው። ዛሬም ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የሚጽፍ ቢሮ አለ። እጄ የለመደው እሱን ነው ይላሉ ጸሐፊዋ። ፋይሉን በፍላሽ ይዘው ማተሚያ ቤት ሲሄዱ፣ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ» ብሎ የጀመረው ደብዳቤ ጥያቄ ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ይወጣል። «ፎንቱ የለንም» ይላል ልጁ። ጸሐፊዋ ፎንቱን ሊያመጡ ተመልሰው በባጃጅ ይሄዳሉ። መቀየር ግን? በጭራሽ።

ሐቁን እንዳልደብቅ። በኅዳር 2020 ኤም 1 የሚባለው የአፕል ቺፕ ሲመጣ ነገሩ ተቀይሯል። ማራገቢያ የሌለው ኤር፣ ሳይሞቅ፣ መብራት የሄደበትን ቀን ሙሉ የሚይዝ ባትሪ። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው፣ እንጀራው በእሱ ለሆነ፣ ገንዘቡን ያወጣል። እሱን ሰው አልቀናበትም፣ መርቄም እሸኘዋለሁ። ቺፑንም አከብራለሁ። እርስዎ ግን ቺፑ አይደሉም። ፌስቡክና ዎርድ ለሚከፍት ሰው ያን ሁሉ ብር ያስወጡት እርስዎ ነዎት እንጂ ቺፑ አይደለም።

ስለሆነም፦ ከእንግዲህ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሲነገር እርስዎ ተሸፍነው እንዲቆዩ። አንድ ቁራጭ ፕላስተር ይበቃል። ገዢው ራሙን፣ ትውልዱን፣ ባትሪውን፣ ጠጋኙን ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ እጅ ከመታ በኋላ ፕላስተሩ ይነሣ። ያኔ እርስዎ ሆነው ከተገኙ እንኳን ደስ አልዎት፣ በሥራዎ ነው ያገኙት። በዚህ አሠራር ቅር የሚልዎት ከሆነ ግን ምክንያትዎን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። በዩኒኮድ ይሁን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ

ግልባጭ፦
«ጭረት እንኳን የለውም» ለሚሉ ሻጮች በሙሉ፣ ባሉበት
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ (ፍላሹ ቫይረስ አለበት)
ከኋላ ወንበር ለነበረው ባለ ጥቁር ላፕቶፕ (የቪጂኤ ገመዱን ይዘህ ሄደሃል፣ አዳራሹ ይፈልገዋል)