ይድረስ ለክቡር የፊደል ግድፈት፣ ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ ዘንድ አመልዎን ችለነዋል። "ከበደ"ን "ከበደች" ያደርጋሉ፤ እኛም ተሰልፈን፣ ተራግመን፣ ማህተም አስመትተን እንመለሳለን። የሥልጣንዎን ልክ ያየሁት ግን በአሳም ነው።

መቼም አሳምን ያውቋታል። ከባንግላዴሽ የምትዋሰን የህንድ ግዛት ናት፤ ሻይዋ ዝነኛ ነው። በ1947 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ፣ ሲልሄት የተባለው ወረዳዋ አብዛኛው ከእሷ ተቆርጦ ለፓኪስታን ሄደ። መስመሩ ተሰመረ፤ ሰው ግን መሻገሩን አልተወም። ባንግላዴሽ ከፓኪስታን በተገነጠለችበት የ1971 ጦርነት ደግሞ ስደተኛው ጎረፈ። የአሳም ሰዎች "ቋንቋችንም መሬታችንም ሊዋጥብን ነው" አሉ። በዚህ አላሾፍም፤ ስጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም። ከ1979 ጀምረው ስድስት ዓመት ታገሉ። በመጨረሻም "ከማርች 24 ቀን 1971 በኋላ የገባ የውጭ ዜጋ ነው" የሚል ስምምነት ተፈረመ።

ማን ዜጋ፣ ማን የውጭ ሰው እንደሆነ ማጣራቱና የዜጎች ዝርዝር ማውጣቱ ሲመጣ፣ ነገሩ እርስዎ እጅ ወደቀ።

33 ሚሊዮን ያህል ሰው የአባት የአያቱን ወረቀት ይዞ ተሰለፈ። አያትየው በ1951ዱ የዜጎች መዝገብ በአንድ ፊደል፣ በ1966ቱ የመራጮች ዝርዝር በሌላ ፊደል ተጽፈዋል። ጸሐፊው እንደሰማው ነዋ የጻፈው! በልጅነቷ የተዳረች፣ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች ሴት፣ የአባቷ ልጅ መሆኗን በወረቀት አስረጂ ተባለች። ብራህማፑትራ መንደሩን የበላበት ገበሬም አለ፤ ቤቱ ከነሰነዱ ወንዝ ገብቷል። የህንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት የፋኽሩዲን አሊ አህመድ ዘመዶች ስም እንኳ ከዝርዝሩ የ2018 ረቂቅ ታጣ። አያዳሉም፣ ይህን እመሰክርልዎታለሁ።

ኦገስት 31 ቀን 2019 የመጨረሻው ዝርዝር ወጣ። 1.9 ሚሊዮን ሰው ውጭ ቀረ። ሙስሊምም ሂንዱም አለበት። "ይጣራልን" ሲሉ የኖሩት ራሳቸው ተናደዱ፤ ቁጥሩ አነሰ ያለም፣ ያልታሰበ ሰው ወጣብን ያለም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዴልሂ ከሦስት ጎረቤት አገሮች ለመጡ፣ ሙስሊም ላልሆኑ ስደተኞች የዜግነት በር የሚከፍት ሕግ አወጣች። አሳም እንደገና ነደደች። የእሷ ተቃውሞ ግን ለየት ይላል፤ የፈለገውን ሃይማኖት ይያዝ፣ ብቻ አትጨምሩብን ነው።

ከዝርዝር የቀረው ሰው ልዩ ችሎት ፊት ቀርቦ ዜግነቱን እንዲያስረዳ ነው ደንቡ። የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። እርስዎ ግን መጥሪያ እንኳ አይደርስዎትም።

አንዲት ልመና አለችኝ። ፓስፖርቴ በቅርቡ ይታደሳል፤ እባክዎ በዚያ በኩል አይለፉ።

አክባሪዎ፣
(ስሜን ለጥንቃቄ ትቼዋለሁ)