የመረጣችሁትን ሰው ስም ታውቁታላችሁ?

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። ሰባት ነን። የሁላችንም ጣት ላይ ያ በሳሙናም በበረኪናም ቶሎ የማይለቀው ቀለም አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ተሰልፈን፣ እግራችን ዝሎ፣ ዝናብ ጀርባችንን መትቶት ነው የተመለስነው፤ ቢሆንም ደስ ብሎናል። ፈንዲሻውን የሚያዞረው የባለቤቲቱ የልጅ ልጅ ነው፤ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። አያቱን፣ «እማማ፣ ማንን መረጡ?» አላቸው። እማማ አልደበቁትም፤ የፓርቲውን ስም ነገሩት። ልጁ አልረካም። «እሱማ ፓርቲው ነው። ሰውየው ማን ይባላል?»

እማማ ዝም አሉ። ልጁ ወደኛ ዞረ። ተያየን። አንዱ «ፎቶውን ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ፣ ስሙ ጠፋኝ እንጂ» አለ። ሌላዋ «ሴት መሰለችኝ» አለች። እኔ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ስሙን በዓይኔ አንብቤዋለሁ፤ ማታ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ከሰባት ሰው፣ ለዚያውም ቀኑን ሙሉ በዚሁ ጉዳይ ቆመን ከዋልን ሰባት ሰው፣ አንድ ስም አልወጣም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ልገሥጻችሁ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ስለሆንኩ ተግሣጹ እኔንም ያገኘኛል፤ ስለዚህ ግን አላለሳልሰውም።

በአገራችን ሕግ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመርጥ ዜጋ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከመካከላቸው ይመርጡታል። እኛ የምንመርጠው ከየምርጫ ክልላችን ወደዚያ ምክር ቤት የሚሄደውን አንድ ሰው ነው። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ ብልጫው አንድ ድምፅም ቢሆን ያልፋል። 547ቱ መቀመጫዎች የሚሞሉት በዚህ መንገድ ነው። ምርጫ ጣቢያ ውስጥ የሚሰጣችሁ ወረቀት «አገሩን ማን ይምራ?» ብሎ አይጠይቃችሁም። «ከዚህ ሰፈር ማን ይሂድ?» ነው የሚላችሁ። እኛ ግን ላልተጠየቅነው ጥያቄ መልስ ሰጥተን እንመለሳለን። ምልክቷን ፈልገን፣ አጠገቧ ምልክት አድርገን፣ አጥፈን ከተን እንወጣለን። ከምልክቷ ጎን የተጻፈው የሰው ስም ለእኛ ከወረቀቱ ጌጥ አይለይም።

ደግሞ መምረጥ የማናውቅ ሰዎች ብንሆን ባልከፋኝ። ዕድር ስንመርጥ አይቻችኋለሁ።

እኛ ዕድር ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ስብሰባው ከጠዋቱ ቅዳሴ በኋላ ተጀምሮ ምሳ ሰዓት አልፎም አላለቀም። አንድ ሰው ተጠቆመ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋስህ ማነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «የሚኖረው በራሱ ቤት ነው ወይስ በኪራይ? ነገ ሰፈር ቢለቅስ?» አንዲት እናት ተነሡና በረጋ ድምፅ፣ ሰውየው የዛሬ አራት ዓመት ለልጁ ምርቃት የወሰደውን የዕድሩን ድስት ጎድጉዶ እንደመለሰው፣ እስከዛሬም እንዳላስጠገነው ተናገሩ። ሰውየው ቆሞ መለሰ፤ አፈረ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ሌላኛው «ለቅሶ ቤት ያድራል ወይስ ፊቱን አሳይቶ ይሄዳል?» ሲል ጠየቀ። ለዚህም ምስክር ተጠራ። ያ ሁሉ ምርመራ ለአንድ ድንኳን፣ ለጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ለሰሃንና ለድስት፣ በባንክ ላለችውም ትንሽ ገንዘብ ነው። እኚያ የድስቱን ነገር ያነሡት እናት ቡናውን ያፈሉልን እማማ ራሳቸው ናቸው። የዕድሩን ድስት አራት ዓመት ሙሉ ያልረሱ ሴት፣ የአገሪቱን ዓመታዊ በጀት በእጁ የሚያጸድቀውን ሰው ስም በዕለቱ ማታ አያውቁትም ነበር።

የእማማን ነገር ያነሣሁት ላሳፍራቸው አይደለም። ያንን ዓይን፣ ያንን ትውስታ፣ ያንን ድፍረት ይዘው ሳለ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ለምን እንደሚያስቀምጡት ስለማይገባኝ ነው። እናንተም ታስቀምጡታላችሁ። ምክር ቤቱ በየዓመቱ እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ በጀት ያጸድቃል፤ ጦርነትም፣ ብድርም፣ ግብርም፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በዚያ አዳራሽ እጅ ይወጣበታል። እጁን የሚያወጣው ሰው «ዋስህ ማነው?» ተብሎ አያውቅም።

ምልክቷን ካለፍን ደግሞ ወደ ትውልድ እንሄዳለን። «የማነው ልጅ? ከየት ነው?» እዚህ ላይ ልቤ የሚቆስልበትን ልናገር። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ሽማግሌ ተቀምጦ አያት ቅድመ አያት የሚጠራው ዝምድና እንዳይገኝ ነው፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ለምርጫ ጊዜም እንቆጥራለን፤ አሁን ግን የምንቆጥረው ዝምድና እንዲገኝ ነው። ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ጠባዩ አይጠየቅም። አባቶቻችን መቁጠሩን ያስተማሩን ቤት እንዳይበላሽ ነበር፤ እኛ ግን በዚያው ቆጠራ ትልቁን ቤት እያበላሸንበት ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝብና ለኅሊናቸው ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱን ብትወዱትም ብትጠሉትም ይህ ዓረፍተ ነገር ውስጡ አለ። «ኅሊና» የሚለውን ቃል አስተውሉት። የአንድን ሰው ኅሊና በምን ታውቁታላችሁ? በወንዙ ስም? በአነጋገሩ ዘዬ? ከእኛው መንደር የወጣ ሌባ የለም? ከማዶ የመጣ፣ ሬሳችንን ተሸክሞ የቀበረልን ሰው የለም? ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸውን ጥሩ ብላችሁ ትጠሩልኛላችሁ። ካርድ በእጃችሁ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ይጠፋና ደም ብቻ ይቀራል።

ስለ ቲሸርቱና ስለ ኮፍያው ብዙ አልልም፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ተብሎ ያለቀ ነገር ነው። አምስት ዓመት ጭቃ ሲያቦኩ የኖሩበት መንገድ ላይ የቅስቀሳ ሰሞን አንድ መኪና ጠጠር ሲገለበጥ እልል ማለት ግን ያሳዝነኛል። ጠጠሩ በእናንተው ግብር የተገዛ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምቆጣበት «ማሸነፉ ላይቀር ምን አደከመኝ» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ያልተማረው አይደለም፤ ጋዜጣ አንባቢው፣ ሁሉን አወቅሁ ባዩ ነው። ምክንያት የለውም አልልም። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዘ፤ በ2007 ዓ.ም. አንድም ሳይቀር ሁሉም። በ2013ቱ ምርጫ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ስለነበረች ድምፅ አልተሰጠባትም። የ1997ቱን ማግስት ደም ደግሞ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ተወዳዳሪ ሲታሰር፣ ታዛቢ ሲባረር፣ ጋዜጠኛ ሲሸሽ ጥፋቱ የመራጩ አይደለም፤ ያንን ዕዳ ያደረሱት ይሸከሙት። እኔ የምናገረው በእናንተ እጅ ስላለው ብቻ ነው።

በእናንተ እጅ ያለውም ትንሽ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ይህ የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ አቶ ዳዊት ዮሐንስን ያህል ሰው ከመቀመጫቸው ያስነሣው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የቴሌቪዥን ክርክር ሲተላለፍ ቡና ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፤ ቢራ የያዘ ሰው ሳይጠጣ ያዳምጥ ነበር። ተከራካሪዎቹን በስም እናውቃቸው ነበር። የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ሁሉ ለተቃዋሚው ቅንጅት ስንሰጥ ግን እነዚያን 23 ሰዎች አንድ በአንድ መዝነናቸው ነበር? አልመዘንናቸውም። ብዙዎቻችን የሰጠነው ቁጣችንን ነበር። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ እኔም ነበረኝ። ቁጣ ግን አንድን ሰው ከወንበር ማስነሣት ይችል እንደሆነ እንጂ የሚቀመጠውን አይመርጥም።

ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው ምክር ቤት ከተቃዋሚ ወገን የተቀመጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ አንድ የግል ተወዳዳሪም ነበሩ። አንድ ሰው ሕግ አያስቀርም፤ ድምፁ ሲቆጠር «በአንድ ተቃውሞ» ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም አቶ ግርማን ብትደግፏቸውም ብትቃወሟቸውም ስማቸውን ታውቃላችሁ፤ ተነሥተው ሲጠይቁ ሰምታችኋልና። ከሌሎቹ 545 ተወካዮች የስንቱን ስም ትጠሩልኛላችሁ? የእናንተው ተወካይ ከእነሱ አንዱ ነበር። በአምስቱ ዓመት ስለ እናንተ አንድ ቃል ተናግሮ ይሆን? ምክር ቤቱ በዓመት መካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። በዚያ ወር ሰፈራችሁ መጥቶ ቁጭ አለ? ካልመጣስ ማን ነው «የት ጠፋ?» ያለው?

እዚሁ ላይ አንድ የረሳነው መብት አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ይላል። ፊርማ አሰባስቦ ተወካይን ከወንበር ማንሣት ማለት ነው። ጎረቤቴን እንደዚህ ብዬ ነግሬው «እንዲህ የሚል አለ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። አለ። ነገር ግን ስሙን የማታውቁትን ሰው እንዴት ታነሡታላችሁ? ማመልከቻው ላይ ማን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። በ2013ቱ ምርጫ ከዋሽንግተንም ከሪያድም ሆኖ ድምፅ የሰጠ የለም፤ ስልክ የደወለ ግን ብዙ ነው። ወር እየቆጠራችሁ የምትረዷት እናት ስትደውሉ እምቢ አትላችሁም፤ «እሺ ልጄ» ብላ ሄዳ ያላችሁትን ታደርጋለች። ያ ድምፅ የእሷ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን የምትሸከመው እሷ ናት። ስትደውሉ ምልክት አትንገሯት፤ «ዕጩዎቹ መጡ? ምን አሉ? አንቺስ ምን መሰለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሚስቱንና ሴት ልጁን ሰልፍ ላይ አቁሞ የሚመርጡትን የሚያዝዝ አባወራም ይህ ይመለከተዋል።

የምርጫ አዋጁ ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት የጽሞና ቀናት አስቀምጧል። ቅስቀሳ የለም፤ ሞንታርቦ የጫነ መኪና አይዞርም። እነዚያ ቀናት የተሰጡት ለእናንተ ነው፤ እኛ ግን ኳስ እያየን እናሳልፋቸዋለን። ከዚያ በፊት ግን ዕጩው ሰፈራችሁ ሲመጣ፣ አጨብጭባችሁ አትሸኙት። የዕድሩን ጥያቄ አቅርቡለት። ቤትህ የት ነው? ባለፈው ክረምት ጎርፉ የወንዝ ዳር ቤቶችን ሲወስድ የት ነበርክ? ማን ይመሰክርልሃል? ከፓርቲህ ጋር ያልተስማማህበትን አንድ ጉዳይ ንገረን፤ ያን ጊዜ ምን አልክ? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙውን ታላብበዋለች። ይላበው። መልስ የሌለውን ጥሩ ንግግሩ አያድነው፤ ምልክቱን የምትወዱት ቢሆን እንኳ፣ የአገራችሁ ልጅ ቢሆን እንኳ። ካልመጣ ደግሞ አለመምጣቱ ራሱ መልስ ነው።

ያ ፈንዲሻ ያዞር የነበረው ልጅ አሁን 18 ዓመት ሞልቶታል፤ ካርድ ያወጣል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ለእኛ የምርጫ ክልል የቀረቡት እነማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። የሁለቱን ስም ነገርኩት፤ ሌሎቹን አላውቃቸውም አልኩት። «እማማም ሁለት ነው የሚያውቁት» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን አብረን ሄደን ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል።