ቆሞ የተለካ እግር

ቅዳሜ ማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃ ከዳር እስከ ዳር ስንመላለስበት ቆይተን፣ ላባችን ሳይደርቅ ሻይ ቤት ገባን። አራት ነበርን። ሻዩ ሳይቀርብ ወጣቱ ጓደኛችን ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሁለት እግሮቹ ቅርጽ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ተስሎበታል። አሜሪካ የምትኖር እህቱ በቅርቡ ስለምትመጣ የእግሩን ልክ ሊልክላት ነው። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀ ስለሆነ ጫማ እንድታመጣለት ለምኗታል።

«ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ማራቶን ላይ ያደረገችውን ዓይነት ነው የምፈልገው» አለ። «በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የገባችበትን። አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው። ለልምምዱም ለውድድሩም በእሱ እሮጣለሁ።»

በወጣትነታቸው ለክለብ ይሮጡ የነበሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ያ ጫማ ለገበያ ሲወጣ 500 ዶላር ነበር። አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶን ነው የሠራሁት ብሏል። አንተ በሳምንት አራት ቀን ኮረኮንች ልታስረግጠው ነው? ደግሞስ የሚሮጠው ጫማው ነው እግሩ? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አይደለም እንዴ ዓለምን ያስደነቀ?»

ይህን ስትሰማ ሕመምተኞችን በፊዚዮቴራፒ የምታክመው ጓደኛችን ዝም ማለት አልቻለችም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አበበ ጫማውን ያወለቀው የተሰጠው ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንት ገደማ ቢሆነውም፣ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ገባ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ይፈጥናል። የማይመች ጫማ ከማድረግ ባዶ እግር እንደሚሻል ነው አበበ ያሳየን። እኔ ጋ የሚመጡት ወጣቶች ግን ባዶ እግር ሞክረው ሳይሆን፣ ያለቀለት ጫማ አድርገው የተጎዱ ናቸው።»

«ያለቀለት» የሚለው ቃል የመርካቶውን ነጋዴ ጓደኛችንን ነካው። ከቦንዳ በሚወጣ ጫማ ሲሮጥ ዓመታት አልፈዋል። «የእኔን እይው፣ ታጥቦ አዲስ መስሏል። የአዲሱን ዋጋ ከየት አመጣለሁ? የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ይበላል እኮ!»

አውልቅልኝ አለችው፤ አወለቀላት። ጫማው በእርግጥም ንጹሕ ነበር፤ ማሰሪያው እንኳን ነጭ ነው። እሷ ግን ጨርቁን አላየችውም። ተረከዙ አካባቢ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እንደ ደረቀ ዳቦ ጠንክሯል፣ ጎኑ ላይ የተደራረቡ ስስ መጨማደዶች ይታያሉ። ከዚያ ሁለቱን ጫማዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቁማ ከበስተኋላ እንድናይ አዞረቻቸው። የቀኙ ወደ ውስጥ ዘሟል። «በዚህ ስፖንጅ ውስጥ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች አሉ» አለች። «እግር ባረፈበት ቁጥር ይታመቃሉ፣ ውለው አድረው መነሣት ያቅታቸዋል። ሳሙና ይህን አይመልሰውም። አንድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል ነው። የሌላ ሰው እግር ስንቱን ኪሎ ሜትር እንደጨረሰበት አንተ በምን ታውቃለህ? ቀኙ የዘመመው ደግሞ ባንተ ሳይሆን በቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ነው።»

ነጋዴው ጫማውን ሲያስር ቆየና «ታዲያ ባዶ እግሬን ልሁን?» አለ። ጥያቄው ከልቡ ስለነበር ማንም አልሳቀም። እሷም ረጋ ብላ፣ ከቦንዳ ሲመርጥ ስፖንጁን በጣቱ ተጭኖ የሚመለስለትን፣ የታችኛው ጎማ ጥርሱ ያላለቀውን፣ ሲያቆመው የማይዘመውን ብቻ እንዲገዛ መከረችው።

ወጣቱ በዚህ መሐል እግሬ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለጠፍጣፋ እግር የተሠራ ልዩ ጫማ ያስፈልገኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሻጮች ይህን እንደሚሉ፣ ነገር ግን የአሜሪካ ጦር ለምልምሎቹ እንደ እግራቸው ቅርጽ ጫማ መድቦ ሲሞክር ጉዳቱ እንዳልቀነሰ ነገረችው። ጋሼም በዚህ ተስማሙ፤ «እግርህን ጠይቀው፣ ካልተመቸው ራሱ ይነግርሃል» አሉ።

እኔ በዚህ ክርክር ከሐኪሟ ጋር ነኝ። የዘወትር ጫማ የውድድር ጫማ አይደለም። በሳምንት አራት ቀን ስምንት ስምንት ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በአራት ወር 500 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ስለዚህ በአንድ ውድ ጫማ ፈንታ፣ በዚያው ገንዘብ፣ የውድድር ጫማ ሶል ውስጥ የሚገባው ጠንካራ የካርቦን ዘንግ የሌለባቸው ሁለት መካከለኛ ጫማዎች ቢገዛና ቢያፈራርቃቸው ይሻለዋል። የካርቦኑ ጫማ ሶሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ቁርጭምጭሚትን ለወለምታ ያጋልጣል፤ የእንጦጦ ጫካ የዛፍ ሥሮች ላይ ደግሞ ይብሳል። ጋሼ ስለ እግር ያሉት እውነት ነው፣ ስለ አበበ ያሉት ግን ወጣቱን ያሳስተዋል። የነጋዴውን ጭንቀት ደግሞ ቀላል ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ለጤናው የሚሮጥ አባት በጫማና በልጁ ትምህርት መካከል መምረጥ ሲኖርበት ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ሳናየው ቀርተን ነበር፤ ወረቀቱን። «ስትስለው ተቀምጠህ ነበር?» አልኩት። አዎ፣ ጠዋት ከመኝታው እንደተነሣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው የሳለው። ሰው ሲቆም እግሩ ይንጣለላል፣ ሲሮጥ ደግሞ ያብጣል። ካልሲውን እንዳደረገ ወረቀቱ ላይ አቆምነው፣ ጋሼም ጎንበስ ብለው እስክሪብቶውን ቀጥ አድርገው ዙሪያውን ሳሉት። አዲሱ መስመር በአሮጌው ዙሪያ ወጣ፤ በትንሿ ጣት በኩል የእስክሪብቶ ውፍረት ያህል፣ ከአውራ ጣቱ ፊት ደግሞ ከዚያ ይበልጥ።

ወጣቱ ሁለቱን መስመሮች አየና ከሥራቸው «የውጭኛውን ያዢ፤ ከጣቴ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ፤ ካርቦን አይኑርበት» ብሎ ጻፈ። በስልኩ ፎቶ አንሥቶም ለእህቱ ላከላት።