ኧረ በሕግ አምላክ፣ ስንቱን ቀን እንቁጠር?

ታይላንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት ካላንደር ፊት ቆመው በጣታቸው ሲያሰሉ ብታዩ ጾም መያዣ የሚቆጥሩ እንዳይመስላችሁ። ዘጠና ቀን ነው የሚቆጥሩት፤ የውጭ ዜጋ በየዘጠና ቀኑ የት እንደሚኖር ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ከዘጠናው ጎን አከራያቸው የሚያስመዘግብበት ሃያ አራት ሰዓት አለ። ከሱ ጎን የዓመቱ ፈቃድ የሚያልቅበት ቀን፣ ከሱ ጎን ደግሞ ወጥቶ የመመለሻው ፈቃድ። አራቱም የሚነሱት ከተለያየ ቀን ነው። ሁሉንም በሁለት አባዙት፣ የሱና የሷ አይገጥምማ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ስምንት ቀጠሮ!

ገንዘቡ አይደለም የሚያንገበግበው። ዘጠና ቀኑን ማሳወቅ በነጻ ነው፣ የዓመት ማራዘሚያው ለአንድ ሰው 1,900 ባት ነው። ሠራተኞቹም አያመናጭቁም፤ ከስንት አገር መስኮት የተሻለ ትሕትና አላቸው። የሚያንገበግበው አንዱ ወረቀት ሌላውን እየጠራ፣ ያም ሌላውን እየጠራ፣ በመጨረሻ የሁሉም ቁልፍ ስልክ የማያነሳ አንድ አከራይ ኪስ ውስጥ መገኘቱ ነው። እሱ ጋ እመጣለሁ።

መጀመሪያ አዲስ መጪ ሁሉ የሚወድቅባትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። ፓስፖርታችሁ ውስጥ በስቴፕለር የተመታች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ከቅጹ ግርጌ ተቆርጣ የተሰጠች፣ አንዱ ጠርዟ ጠማማ የሆነ፣ ማህተም ያረፈባት። ላይዋ ላይ ቀን ተጽፏል። ያ ቀን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ማብቂያ አይደለም! «በዚህ ቀን አሁንም የት እንደምትኖሩ ንገሩን» ማለት ብቻ ነው። የፈቃዱ ማብቂያ ሌላ ገጽ ላይ፣ ማህተሙ ውስጥ ነው ያለው። ቁራጯን አምኖ የተቀመጠ ሰው የሚነቃው በቀን 500 ባት ሲቆጠርበት ነው። ቅጣቱ 20,000 ባት ሲደርስ ይቆማል። ነገር ግን ከ90 ቀን በላይ ያሳለፈ ሰው በራሱ ፈቃድ እንኳ ቢወጣ ለአንድ ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል፤ ከዓመት በላይ ከሆነ ሦስት ዓመት። ለአንዲት የስቴፕለር ቁራጭ!

አሁን ወደ ዘጠናው። ቅጹ ቲኤም 47 ይባላል። የገባችሁበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከማግስቱ የጀመረ ተሳስቷል። በአካል ለሚሄድ ከቀኑ 15 ቀን ቀደም ብሎ በሩ ይከፈታል፣ ቀኑ ካለፈ በኋላም 7 ቀን ምሕረት አለ። በኢንተርኔት ለሚሞክር ግን ያቺ ምሕረት የለችም፤ ቀድሞ መላክ አለበት። «ዛሬ ማታ እልከዋለሁ» እያለ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ያለው አማራጭ በቀሩት ሰባት ቀናት ተነሥቶ መሰለፍ ነው። ከሰባቱም ካለፈ፣ ራሱ ለሄደ 2,000 ባት ነው፤ ሕጉ እስከ 5,000 ድረስ ይፈቅዳል።

እሺ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ከተቀጣ በኋላ ይለምደዋል። ባልና ሚስትን የሚያሳብደው ሌላ ነው፤ ከአገር በወጣችሁ ቁጥር ቆጠራው ይሰረዝና ስትመለሱ ከአንድ ይጀምራል። ሁለቱም ማርች 1 ገቡ እንበል። ዘጠናው ቀን ሜይ 29 ላይ ይሞላል። እሱ ለሥራ ሲንጋፖር ደርሶ ኤፕሪል 20 ተመለሰ። የሱ ዘጠና አሁን ጁላይ 18 ሆነ፤ የሷ ሜይ 29 እንደቆመ ነው። «አብረን እንሄዳለን» ብሎ የሱን ቀን የጠበቀ ባለትዳር ሚስቱን ለቅጣት ዳርጓል። በየቤቱ የሚነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደግሞ ማራዘሚያው አለ። የመጀመሪያው የማራዘሚያ ማመልከቻ እንደ ዘጠና ቀን ማሳወቂያ ይቆጠራል። የሁለተኛው ዓመት ማመልከቻ አይቆጠርም። ሕንጻው አንድ፣ ሰውዬው አንድ፣ አድራሻው አንድ፣ ትናንት ሙሉ ዶሴ አስረክባችኋል፤ ቢሆንም የማሳወቂያው መስኮት ሌላ ነውና ተራ ቁጥር እንደገና ይቆረጣል። ባንኮክ የሚኖር ሰው ለዚህ ቼንግ ዋታና ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ይሄዳል። ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2፡30 ነው፣ ከቀኑ 6 እስከ 7 ምሳ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ የሚደርስ ሰው የምሳ ሰዓቱን ወንበር ላይ ያሳልፋል።

አሁን አከራዩ። የኢሚግሬሽን ሕጉ የወጣው በፈረንጅ 1979 ነው፤ በታዮቹ አቆጣጠር 2522፣ በእኛ 1971። እኛ አገር እንግዳ ያሳደረ ለቀበሌ ያስታውቅ በሚባልበት ዘመን ማለት ነው፣ መንፈሱም ያው ነው። አንቀጽ 38 እንዲህ ይላል፦ የውጭ ዜጋ ያሳረፈ የቤት ባለቤት፣ ቤቱን የያዘ ሰው ወይም የሆቴል ሥራ አስኪያጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ። ቅጹ ቲኤም 30 ነው። ልብ በሉ፣ ግዴታው የባለቤቱ ነው። የግል ቤት ባለቤት ካላሳወቀ እስከ 2,000 ባት ይቀጣል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። መስኮቱ ላይ ግን ቲኤም 30 የሌለው ሰው የማራዘሚያ ዶሴው አይታይለትም። ስለዚህ ያላጠፋው ተከራይ የአከራዩን ቅጣት ከኪሱ ከፍሎ፣ ከፈለገም አመስግኖ፣ ጉዳዩን ይቀጥላል። ለብዙ ዓመት ይህ አንቀጽ ተኝቶ ነበር፤ በፈረንጅ 2019 አካባቢ ነው ጠበቅ ተደርጎ ሰዉ ሁሉ ስሙን ያወቀው።

ለመመዝገብ የሚጠየቀው የአከራዩ መታወቂያ ኮፒ፣ የቤቱ ደብተር ኮፒ፣ የኪራይ ውሉ እና የእናንተ የፓስፖርት ገጾች ናቸው። ደብተሩን «ታቢየን ባን» ይሉታል፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ የቤቱን ቁጥርና እዚያ የተመዘገቡትን ሰዎች ይይዛል። እያንዳንዱ ኮፒ ላይ የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቢሆን ይመረጣል፣ ጥቁሩ ፎቶኮፒ ይመስላልና። አከራዩ ለምን ይሸሻል? ተንኮለኛ ስለሆነ አይደለም። ብዙዎቹ የኪራይ ገቢያቸውን ስላላስታወቁ ውሉ መንግሥት ቤት መግባቱን ይፈሩታል። አንዳንዱ ቤቱን የገዛው ለልጁ ነው፤ ደብተሩ ያለው ሌላ ክፍለ ሀገር እናቱ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ ተልኮ፣ ተፈርሞ፣ በፖስታ እስኪመለስ ሃያ አራቱ ሰዓት የት አለ?

ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ አከራዩ ገና ፈገግ እያለ ሳለ፣ የመታወቂያውንና የደብተሩን ኮፒ አራት አራት አድርጋችሁ አስፈርሙት። ከፈረመ በኋላ ቢጠፋም ግድ የለም። ሁለት ወር ኪራይ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ «ነገ እልክላችኋለሁ» የሚል አከራይ ነገው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ውሉ ላይም የሁለታችሁም ስም ይግባ። በባል ስም ብቻ የተጻፈ ውል ይዛ የሄደች ሚስት «አንቺ እዚህ ቤት ምንሽ ነው?» ትባላለች።

«በኢንተርኔት አይቻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ቤቱ ተመዝግቦ አካውንት ይከፈታል፣ ሰነድ ይጫናል፣ ከዚያ እስኪጸድቅ ይጠበቃል። ማጽደቂያው ቀናት ይፈጃል። የጊዜ ገደቡ ሃያ አራት ሰዓት፣ መፍቀጃው ቀናት! ይህን ያወጣው ሰው ሒሳብ ማን እንዳስተማረው ባውቅ ደስ ይለኛል። አካውንቱ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ግን እውነትም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ገና ምንም ጉዞ ሳታስቡ ክፈቱት።

በ2020 አንድ እፎይታ መጣ፤ መመለሻ ፈቃድ ኖሮት ወደዚያው አድራሻ የሚመለስ ሰው እንደገና መመዝገብ አያስፈልገውም ተባለ። ጥሩ። ነገር ግን ፉኬት ወይም ቺያንግ ማይ ሄዳችሁ ሁለት ሌሊት ሆቴል ብታድሩ ሆቴሉ ግዴታው ስለሆነ ያስመዘግባችኋል። አሁን የመጨረሻው አድራሻችሁ ሆቴሉ ሆነ። አንዱ መኮንን «ችግር የለውም፣ የድሮው ይሠራል» ይላል፣ ከሱ ሁለት ወንበር ወዲያ ያለው «እንደገና አስመዝግቡ» ይላል። መመሪያው አንድ ነው፣ አንባቢው ብዙ። የሚበጀው በአካባቢያችሁ ያለው ቢሮ ምን እንደሚል አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ወዳጃችሁ የሚነግራችሁ ለሱ ቢሮ ነው የሚሠራው።

ስለ ጉዞ ካነሣን አይቀር፣ ከሁሉም ውዱ ስህተት ይሄ ነው። የዓመት ፈቃድ አለኝ ብሎ ያለ መመለሻ ፈቃድ ድንበር የተሻገረ ሰው ፈቃዱ እዚያው ሞተ። ስምንት ወር ቀርቶት ይሁን አሥር ወር፣ የለም፤ ከቪዛው ጀምሮ እንደ አዲስ ነው። ቅጹ ቲኤም 8 ነው፤ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣ ሰው ብዙውን ይግዛ። ግን ተጠንቀቁ፣ የመመለሻው ፈቃድ ዕድሜ ከዓመቱ ፈቃድ አያልፍም። ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው 3,800 የከፈለ ሰው ለሁለት ወር ነው የከፈለው፤ ለሁለት ሰው ሲሆን 7,600 ባት ሜዳ ላይ። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ላይ በመውጫ ቀን ማውጣት ይቻላል። በአውቶቡስ ኖንግ ካይ ድልድይ ተሻግሮ ላኦስ፣ ቪየንቲያን ለሚሄድ ግን ድንበር ላይ አገኛለሁ ብሎ መተማመን ሞኝነት ነው፤ ከከተማው ቢሮ አውጥቶ ይሂድ። አንዱ አውጥቶ አንዱ ረስቶ የሄዱ ባልና ሚስት ሲመለሱ አንዷ የዓመት ነዋሪ ናት፣ አንዱ እንግዳ።

ሚስት ወይም ባል ጥገኛ ሆኖ የሚኖርበት ፈቃድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የሠራተኛው ሥራ ያበቃ ቀን የሁለቱም ፈቃድ ያበቃል። ጥገኛ መሆኑን ለማሳየት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይቀርባል። እዚህ ጋ የእኛ ሰው ሌላ ዳገት ይጠብቀዋል፤ ስማችን። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፣ ሚስትም በባሏ አባት ስም አትጠራም። ጸሐፊዋ ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን አድርጋ አንድ የጋራ ቃል ስትፈልግ፣ አንገቷን ስታዘነብል፣ እንደገና ስታይ ታዩዋታላችሁ። መፍትሔው ክርክር አይደለም። ፓስፖርቱ ፎቶ ካለበት ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ስሙ እንዴት እንደተቀመጠ አይቶ ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በሁሉም ቅጽ ላይ መጻፍ ነው። ቲኤም 30 ላይ አንድ ዓይነት፣ ዘጠና ቀኑ ላይ ሌላ ዓይነት የጻፈ ሰው የኢንተርኔት ማመልከቻው ውድቅ ይሆንበታል፣ ምክንያቱንም የሚነግረው የለም።

በዘመን አቆጣጠሩ ግን ማንም አይቀድመንም። 2568 የሚል ቀን አይቶ ፈረንጅ ሲደነግጥ፣ እኛ 543 ቀንሰን 2025 ነው እንላለን፤ ሁለት ዘመን አቆጣጠር በኪሳችን ይዘን ያደግን ነን። በጥንቱ የሰዓት አጠራራቸውም ፈረንጅ ማታ ሰባት የሚለውን «ኑንግ ቱም» ይሉታል፣ አንድ ማለት ነው፤ ልክ እንደ እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ቢሮክራሲው ባይኖር ኖሮ አማች የሚሆኑን ሕዝብ ነበሩ።

ከሜይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ወደ አገሪቱ የሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ፣ ነዋሪም ቢሆን፣ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት ይሞላል። በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ የአጭበርባሪ ነው፣ ዝጉት። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አለ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ለገና አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ባልና ሚስት እንግዲህ ቢጫ ካርድ ሁለት፣ የመግቢያ ካርድ ሁለት፣ መመለሻ ፈቃድ ሁለት ይዞ፣ ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ጠቅጥቆ፣ አርፎ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አዲስ ዘጠና ይጀምራል። አከራዩ ይደወልለታል። አያነሣም። በማግስቱ መልሶ ይደውልና እየሳቀ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቤት መግባታችሁን አውቄአለሁ እኮ፣ መብራቱን አይቼዋለሁ። ለማን ነው የማሳውቀው?»